የሲሊንደር ሆኒንግ ልምምዴ ከየት ደረሰ?

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ሰሞኑን ጊዜዬን የወሰደው የሞተር ሲሊንደርን ውስጠኛ ግድግዳ በሆን ድንጋይ (ብረት በሚፈትግ የመሳያ ድንጋይ) መሥራት፣ ማለትም ሆኒንግ ነው። በደንብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሲሊንደር እንደ መስታወት ካበራ አልተሠራም ማለት መሆኑ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዓመት ሙሉ ሲመላለስበት ግድግዳው ይለሰልስና ዘይት የሚይዝበት ቦታ ያጣል። አዲስ ፋሻ ብታስገቡለትም አይላመድም፤ ሞተሩም ዘይት መብላቱን አይተውም።

ስለዚህ የምንፈልገው ልስላሴ ሳይሆን እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን ጭረቶችን ነው። ሆኑ የታሰረበት ድሪል በዝግታ እየዞረ እጅ ሆኑን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ ጭረቶቹ ኤክስ ይሠራሉ፤ ለብዙ ሞተሮች 45 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። እጅ ከዘገየ ጭረቱ ይጋደማል፣ ከፈጠነ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣም ከቆመ ደግሞ ዘይቱ ሳይቆይ ቁልቁል ይወርዳል። አሁን ግድግዳውን በመብራት አይቼ እጄ የቱ ጋ እንደዘገየ መለየት ችያለሁ፤ በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ባለ ሦስት እግሩ ሆን በስፕሪንግ ስለሚገፋ የግድግዳውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ሞላላ የሆነውን አያቃናም። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት የግድ ነው፦ ላይ፣ መሃልና ታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ። ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከላይ ነው፤ የቃጠሎው ግፊት እዚያ ይበረታል፣ ዘይትም በደንብ አይደርስም። ልኩ አምራቹ ከፈቀደው ካለፈ ሥራው የቶርኖ ቤት ነው።

አደራ የምላችሁ እጥበቱን ነው። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳል እንጂ ጭረት ውስጥ የተቀረቀረውን የድንጋይ ብናኝ ጠርጎ አያወጣም። በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በብሩሽ እየፈተጋችሁ እጠቡት። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ ጥረጉበት፤ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይታጠባል። ንጹሕ ሲወጣ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ ብረቱ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ቶሎ ይዝጋል።

ቀጥሎ የምለማመደው በሁለት ደረጃ መሥራትን ነው፦ በ220 ቁጥር ድንጋይ (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል) ጀምሬ በ400 በስሱ መጨረስ፣ የጭረቶቹ ጫፍ ተቆርጦ ዘይት የሚይዘው ጎድጓዳ እንዲቀር። የናፍጣ ሞተር ላይነር (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ) የምትሠሩ ካላችሁ፣ ማጨረሻው ላይ ስንት ቁጥር ነው የምትጠቀሙት?