ከደወሉ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ልጅ የሚማረው በፈረቃ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ምሳ ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ ያገኘውን ይቀምሳል፣ ከዚያ እስከሚመሽ ድረስ ከሰዓቱ በሙሉ የእሱ ነው። እናት ገበያ ናት ወይም ፋብሪካ ገብታለች፤ አባት የሚመጣው ማታ ነው። ልጁ ታዲያ የት ይውላል? ወንዱ ጆተኒው ጋ ነው፣ ወይ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከፍ ሲል ደግሞ ፑል ቤት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴቷ ቤት ናት። ውሃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፣ ወጥ ትሠራለች። ሁለቱም ዛሬ ምን ሠራችሁ የሚላቸው ሰው ሳያገኙ ይመሻል።

ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ ፕሮግራም፣ ክበብ በሉት፣ ስፖርት በሉት፣ ንባብ በሉት፣ ብር ሲተርፍ የሚታሰብ ነገር ተደርጎ መታየቱን ማቆም አለብን።

ጉዳዩን ለወላጆች ሳነሳ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ ቱቶሪያል። ይገባኛል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ደግሞ 5.4። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ጠዋት ሙሉ ከሰሌዳ ኖት ሲገለብጥ የዋለን ልጅ ከሰዓት ደግሞ አስቀምጠን ኖት ብናስገለብጠው ምን ጨመርንለት? ማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ብቻውን ሲሆን ግን ልጁን ያደክመዋል እንጂ አይለውጠውም።

ሌላ ዓይነቱን አይቻለሁ። እዚሁ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የንባብ ክበብ አለ። ክፍሉ መስታወቱ የረገፈ መስኮት አለው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል፣ በኅዳር ነፋስ ይርገበገባል። ልጆቹ ፎጣና ሹራብ ደራርበው ይገባሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ አንድ አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ይናገራል። ሌሎቹ የዘለለውን ይይዙበታል። አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አውጥታ "በቅሎዋን እኮ ሸጧታል፣ እሱን ዘለልከው!" ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ!" አለ። አንባቢው ልጅ ወደ ገጹ ተመልሶ ፈለገ፣ አገኘው፣ አስተካክሎ ቀጠለ። ማንም አልሰደበው፣ ማንም በቀይ እስክሪብቶ አልሰረዘበት። ስህተትን ሳይፈሩ ማረም የሚለመደው እንዲህ ነው፤ ስልሳ ሰባ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ ለዚህ ጊዜ የለም።

በዚሁ ክበብ ጸሐፊዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው መጽሐፍ ማን ጋ ነው፣ ሁሉም ደብተሯ ላይ አለ። ታዳጊ ልጅ ኃላፊነት የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ልጆችም እዚያ አሉ፤ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዘው የሚቀመጡት እዚህ ተራቸው ሲደርስ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ጓደኛ ይዘው ይወጣሉ።

አሜሪካኖች ይህን ሰዓት ለረጅም ጊዜ አጥንተውታል። እዚያ በትምህርት ቀናት በታዳጊዎች የሚፈጸም የኃይል ወንጀል ጫፍ የሚደርሰው በሌሊት ሳይሆን ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዱርላክ፣ ዋይስበርግና ፓቻን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የልጆችን ማኅበራዊና ግላዊ ክህሎት ለማሳደግ የተቋቋሙ የከሰዓት ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ልጆች በራሳቸው ላይ ያላቸውን እምነት፣ ለትምህርት ቤት ያላቸውን ስሜትና የትምህርት ውጤታቸውን አሻሽለዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው ግኝት ነው። ለውጥ ያመጡት ደረጃ በደረጃ የሚያለማምዱ፣ ልጁ ራሱ የሚሠራባቸው፣ ለዚያው ጊዜ የመደቡና ምን እንደሚፈልጉ ለይተው የሚያውቁ ነበሩ። እነዚህ የጎደሏቸው ለውጥ አላሳዩም። በር ከፍቶ ልጅ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ሊያስተምረው የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ በየሳምንቱ የማይቀር ሰው ያስፈልጋል።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። በየደብሩ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አይዙም። ያንን ልማድ ለምን ከሰዓት አናውለውም? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ እዚሁ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የአሥረኛው ደግሞ ለአምስተኛው ቢቆም ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሰዓቱ ግን እንደ ቦታው ይሁን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ብርዱ ሜዳ ላይ አያስቆምም፣ ስለዚህ ኳሱ ይቅደም፣ ንባቡ ክፍል ውስጥ ይከተል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ እዚያ ፀሐይዋ እስክትበርድ ኳስ አይሞከርም። መንዝ ላይ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በግ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጋር ተያይዞ አጭር መሆን አለበት፤ ቤት ደርሶ ይመለሳል ብሎ ማሰብ አይሠራም።

የሴቶቹን ጉዳይ ለብቻው ልበል። ክበቡ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ቀላል ነው። እናት ግን ልጇን ለቤት ሥራ ትፈልጋታለች፣ ጎረምሳ የሚቆምበት መንገድ ላይ ማምሸቷንም ትፈራለች፤ ሁለቱም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። መምህሯ ራሷ ቤት ድረስ ሄዳ "እማማ፣ ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በቡድን አድርጌ እሸኛቸዋለሁ" ስትል ግን ነገሩ ይቀየራል። አንዲት መምህርት እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ፤ እናትየዋ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ቀጥላ ቡና አፈላች፣ ልጅቷ በሳምንቱ መጣች።

ብዙ ቦታ የጎደለው ክፍል አይደለም። የጠዋት ብቻ ፈረቃ ባላቸውም ሆነ ቅዳሜ በሚዘጉ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። የሚይዘን ቁልፉ ነው፤ ጥበቃው ያለ ደብዳቤ አይከፍትም፣ ርዕሰ መምህሩ ዴስክ ከተሰበረ ይጠየቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አጀንዳ አስይዙት፦ የትኛው ክፍል፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ማን ኃላፊ ሆኖ፣ የተሰበረውን ማን ያሠራል። በቃለ ጉባኤ አስፈርሙና ደብዳቤውን ለጥበቃው ስጡት።