የጭነት ካርቦን የሚለካው ከጨረታው በፊት ነው

የድርጅቶችን የዘላቂነት ሪፖርት ማንበብ እወዳለሁ። የትራንስፖርት ገጹ ላይ ስደርስ ግን ብዙ ጊዜ እበሳጫለሁ። "ከዓለም አቀፍ ጭነት የወጣ የካርቦን ልቀት ይህን ያህል ሺህ ቶን" ይላል፣ ከጎኑ ወደ ታች የሚጠቁም ቀስት አለ፣ አለቀ። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ፍንጭ የለም። ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ክፍሉ በዓመቱ ለማጓጓዣ የከፈለው ገንዘብ ተደምሮ በአንድ አማካይ ቁጥር የተባዛ ነው።

ይህ አሠራር የተከለከለ አይደለም። የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል፣ ድርጅቶች ልቀታቸውን የሚቆጥሩበት ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ሌላ መረጃ ለሌለው ድርጅት በወጪ ላይ ተመሥርቶ መገመትን ይፈቅዳል። መነሻ እንዲሆን ነው የተፈቀደው። ችግሩ ብዙዎች እዚያው መቅረታቸው ነው።

ለምን እንደማያዋጣ ለማየት 2021ን ማስታወስ ይበቃል (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከኮቪድ በፊት ከሻንጋይ ሎስ አንጀለስ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ለመላክ 2,000 ዶላር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይከፈል ነበር። በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የገበያው ዋጋ ከ10,000 ዶላር አለፈ። ባሕሩ ያው ነው፣ ርቀቱ ያው ነው፣ ኮንቴይነሩም ያው ነው። በወጪ የሚያሰላ ድርጅት ግን ልቀቱ አምስት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። በ2022 መጨረሻ ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ያው ድርጅት አንዲት ነገር ሳይሠራ ልቀቱን በግማሽና ከዚያ በላይ "ቀነሰ"። በእንዲህ ያለ ቁጥር ምን ዓይነት ውሳኔ ይወሰናል?

ደህናው ስሌት ያን ያህል ከባድ አይደለም። የጭነቱ ክብደት በቶን፣ የተጓዘው ርቀት በኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አንድ ቶን አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚወጣው ግራም። ሦስቱን ማባዛት ነው። ይኸውላችሁ፣ 10 ቶን ዕቃ ከሻንጋይ ሮተርዳም በስዊዝ ካናል ይሂድ። ርቀቱ 19,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለትልቅ የኮንቴይነር መርከብ በቶን-ኪሎ ሜትር 10 ግራም እንያዝ። ከመርከብ መርከብ ይለያያል፣ ለምሳሌ ግን ይሆናል። ውጤቱ 2 ቶን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከወደቡ እስከ መጋዘኑ 300 ኪሎ ሜትር በከባድ መኪና እንጨምር፣ በቶን-ኪሎ ሜትር 100 ግራም ብንይዝ 300 ኪሎ ግራም ይመጣል። ልብ በሉ፣ መኪናው የሄደው ከጠቅላላው መንገድ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ከልቀቱ ግን 13 በመቶው የእሱ ነው። ስለዚህ ወደቡን መምረጥ፣ ከወደቡ በኋላ ያለውን መንገድ በባቡር ማድረግ፣ መኪናው ባዶውን እንዳይመለስ ማቀናጀት ትልቅ ነገር ነው።

ያንኑ 10 ቶን በአውሮፕላን ብንልከው ርቀቱ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ያጥራል። በቶን-ኪሎ ሜትር 600 ግራም ብንይዝ ግን 54 ቶን ይሆናል። ከመርከቡ ሃያ ስምንት እጥፍ ገደማ! አንድ ጊዜ "ቸኩለናል፣ አውሮፕላን ላይ ጫኑት" ማለት ሃያ ስምንት ጊዜ ያህል በባሕር እንደመላክ ነው። ይህን ያየ ሰው የትኛው ውሳኔ ላይ ጉልበቱን እንደሚያፈስ አይጠፋውም።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ፣ ግን ብዙ ሰው ወደሚስተው ነገር ልግባ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ብዙ የኮንቴይነር መስመሮች በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ መዞር ጀመሩ። ከእስያ ሰሜን አውሮፓ ለሚሄድ መርከብ ይህ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ኤክሴላችሁ ላይ ግን የስዊዙ ርቀት እንደተጻፈ ነው። በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 የጭነት ልቀትን እንዴት እንደምናሰላ የሚደነግግ ደረጃ ነው። ርቀቱን በአጭሩ መንገድ እንድንይዝ ያደርጋል፣ ትርፍ ዙሩ የሚገባው በተቃጠለው ነዳጅ በኩል ነው፣ ማለትም በቶን-ኪሎ ሜትር የሚወጣው ግራም ከፍ ይላል። ደህና አሠራር ነው። ግን ከ2023 በፊት የተሰላ ግራም የያዘ ሰው ያን ሁሉ ዙር ጨርሶ አያየውም። ለዚህ ነው ከአማካይ ሰንጠረዥ ይልቅ ከአጓጓዡ የዘንድሮ ነዳጅ የተገኘ ቁጥር የምመርጠው።

የነዳጁም ዓይነት እንዲሁ ነው። በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄድ መርከብ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተለመደው ከባድ ነዳጅ ያነሰ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከሞተሩ ሳይቃጠል የሚያመልጥ ሚቴን አለ፣ ጋዙ ሲወጣና ሲጓጓዝም የሚያፈስ አለ። ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲታይ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ አጓጓዡ ቁጥር ሲሰጣችሁ ነዳጁ ከጉድጓድ ከወጣበት ጀምሮ ነው ወይስ ከመርከቡ ታንክ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልተጻፈ ሁለት አጓጓዥ ማወዳደር አይቻልም።

ሌላው ማምለጫ የሽያጭ ውሉ ነው። ዕቃው በሲአይኤፍ ሲገዛ መርከቡን የሚመርጠውና የሚከፍለው ሻጩ ነው፣ በኤፍኦቢ ደግሞ ገዢው። "እኛ በሲአይኤፍ ነው የምንገዛው፣ ጭነቱ የእኛ አይደለም" የሚል ድርጅት ብዙ ነው። አይሆንም። ከቀጥታ አቅራቢህ ወደ አንተ የሚመጣ ዕቃ መጓጓዣ ስኮፕ 3 (ድርጅቱ ራሱ ሳይሆን ሌሎች ለእሱ ሥራ የሚያወጡት ልቀት) ውስጥ ነው፣ ማንም ይክፈለው። እንዲያውም ውሉን ወደ ኤፍኦቢ መለወጥ ራሱ ልቀትን ለመቀነስ አንዱ መንገድ ነው፣ ያልመረጥከውን መርከብ ማሻሻል አትችልምና።

እስካሁን ስለ ካርቦን ብቻ አወራሁ። ሰዎቹስ?

ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚጓዘው በባሕር ነው። መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሱት 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ መርከበኞች ናቸው። በ2020 መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ 400,000 የሚሆኑት ውላቸው አልቆ፣ አገሮች ድንበራቸውን ስለዘጉ፣ ከመርከብ መውረድ አልቻሉም ነበር። በ2006 የጸደቀውና ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድ ሰው ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ አገሩ መመለስ አለበት ይላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል ይላል። በዚያን ወቅት ከዓመት በላይ ባሕር ላይ የቆዩ ነበሩ። የእነሱ ጭነት መደብር ላይ ደረሰ፣ በየድርጅቱ ሪፖርት ላይ ግን አንድ መስመር አልተጻፈላቸውም።

ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ መርከብም አለ። ደመወዝ ሁለት ወር ካልተከፈለ፣ ወይ ምግብና ነዳጅ ካልቀረበ፣ ወይ ወደ አገር መመለሻ ከተከለከለ መርከበኛው እንደ ተጣለ ይቆጠራል። ግብጽ ላይ ተይዛ የቀረችውን ኤምቪ አማንን አስቡ። አንድ ሶሪያዊ መኮንን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ ተደርጎ ከ2017 እስከ 2021 ከእሷ ጋር ታስሮ ቆየ፣ የኋለኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር። መብራት እንኳ ሳይኖር።

በየብስም እንዲሁ ነው። በ2023 ጀርመን ውስጥ ግሬፈንሃውዘን በተባለ የመኪና ማረፊያ ላይ በርካታ የጆርጂያና የኡዝቤኪስታን ሹፌሮች ደመወዛችን አልተከፈለም ብለው መኪኖቻቸውን አቁመው ለሳምንታት ቆዩ። ሥራው ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የመጣ ስለሆነ ዕቃው የማን እንደሆነና ሹፌሩን የቀጠረው ማን እንደሆነ በመካከል ጠፍቶ ነበር። አጓጓዥ ለመምረጥ ጨረታ ስናወጣ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ስናይ የምናጭደው ይህንን ነው።

ማኅበራዊውን ነገር እንደ ካርቦን ወደ አንድ ቁጥር መጨፍለቅን አልደግፍም። "የማኅበራዊ ነጥባችን 78 ነው" ማለት ለማንም አይረባም። ማየት የሚቻል ነገር ግን አለ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ማለትም አጓጓዡ ለጭነቱ የሚሰጠው ሰነድ፣ ላይ የመርከቡ ስም አለ። በስሙ ሰባት አሃዝ ያለውን የአይኤምኦ ቁጥሯን (የመርከቧን መለያ) ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ኢኳሲስ በሚባለው በነጻ የሚከፈት የመረጃ ቋት ውስጥ ታስገቡታላችሁ። የየትኛውን አገር ባንዲራ እንደምታውለበልብ፣ ወደብ ላይ መቼ እንደተፈተሸች፣ ጉድለት ተገኝቶባት ታግዳ እንደሆነ ይወጣል። የተጣሉ መርከበኞችም የሚመዘገቡበት የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት (አይኤምኦ) እና የዓለም የሥራ ድርጅት ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠቀማችሁባቸውን መርከቦች እንዲህ ማጣራት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ስም ያለው፣ አጓጓዡን ፊት ለፊት ልትጠይቁበት የምትችሉት ዝርዝር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ካርቦኑን አንድ ክፍል፣ ሰዎቹን ሌላ ክፍል ለብቻው መያዙ ነው። ምንጫቸው አንድ ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። ገዢው የምርቱን ዲዛይን አሥር ጊዜ ለዋውጦ፣ ትእዛዙን ሦስት ሳምንት አዘግይቶ፣ የመረከቢያ ቀኑን ግን ሳይነካ ሲቀር ምን ይሆናል? ፋብሪካው ሠራተኞቹን ሌሊት ያሠራል። ዕቃው በመርከብ ስለማይደርስ በአውሮፕላን ይሄዳል። የመጨረሻው ሹፌር ዕረፍቱን ዘሎ ይነዳል። ያ 54 ቶንና ያ የሌሊት ሥራ የተወለዱት ከአንድ ኢሜይል ነው። በሌላ በኩል መርከብ ፍጥነቷን 10 በመቶ ስትቀንስ ለጉዞው የምታቃጥለው ነዳጅ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ደስ ይላል። ግን ጉዞው ይረዝማል፣ መርከበኛው ባሕር ላይ የሚቆይበት ቀን ይጨምራል፣ ስለዚህ "በዝግታ ሂዱልን" ስንል ሠራተኛ የሚቀየርበትን ጊዜም አብረን መጠየቅ አለብን። መርከቧ ሮጣ መጥታ ወደብ ፊት ለፊት ለቀናት ቆማ ከምትጠብቅ ግን ቀስ ብላ በተራዋ ሰዓት ብትደርስ ማንም አይጎዳም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ መለኪያው ወደ ጨረታው ይምጣ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚሰላ ልቀት የሆነውን ከመመዝገብ አያልፍም፣ መርከቡም ሄዷል፣ ሹፌሩም ደክሟል። የጨረታ ሰነዱ ላይ ከዋጋው አጠገብ ለዚያ መስመር በቶን-ኪሎ ሜትር የሚወጣው ግራም ይጠየቅ፣ በአይኤስኦ 14083 የተሰላ፣ ነዳጁ ከተመረተበት ጀምሮ። ንዑስ ተቋራጭ እስከ ስንተኛ ደረጃ እንደሚፈቀድ ይጻፍ፣ እኔ ከአንድ በላይ አልፈቅድም። ሹፌሩ አቤት የሚልበት ስልክ ቁጥር በሚያነበው ቋንቋ ይኑር። ገዢውም ግዴታ ይግባ፣ ትእዛዙን ከዚህ ቀን በኋላ ከለወጥኩ የመረከቢያውን ቀን አብሬ እገፋለሁ ብሎ ይፈርም። ይህ አንቀጽ በብዙ ውሎች ላይ የለም፣ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ግን እሱ ይመስለኛል። ሂሳብ የሚከፈልበት ጊዜም እንዲሁ፣ አነስተኛ አጓጓዥን 90 ቀን አስጠብቆ ሹፌሩን በሰዓቱ ክፈል ማለት አይቻልም።

ቁጥር የለኝም የሚል አጓጓዥ ሲመጣ ከፍተኛው አማካይ ይያዝበት፣ መለካት እንዲያዋጣው። ለትልልቆቹ እንዲህ ነው። ሁለትና ሦስት መኪና ላለው ሰው ግን አርባ ገጽ መጠይቅ መላክ ከጨረታው ማስወጣት ነው። እሱን ስንት ሊትር ቀዳህ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ፣ ስንት ቶን ጫንህ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሌላውን ስሌት የግዢ ክፍሉ ይሥራው።