የጄምስታውኗን ገረድ ታሪክ እንዴት ጻፍኩት

ጄምስታውን በተባለው የእንግሊዞች ሰፈር ገረድ የነበረችውን የአን ቡራስን ሕይወት የጻፍኩት ከኋላ ወደፊት ነው። በ1625 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሰፈሩ እንግሊዞች በየቤቱ ተቆጥረው ነበር። መዝገቡ አንን ኤልዛቤት ሲቲ በሚባል የቨርጂኒያ ሰፈር ያገኛታል። ዕድሜዋ 30፣ ባሏ ጆን ሌይደን 44፣ ልጆቻቸው አራት ሴቶች። በ1608 በመርከብ እንደመጣችም ይናገራል። ቀንሱት፤ አገሯን ለቃ ስትወጣ 13 ወይም 14 ዓመቷ ነበር።

ዓመት ስታሰሉ ግን ተጠንቀቁ። የዚያን ጊዜ እንግሊዝ ዓመቱን የሚቀይረው ማርች 25 ላይ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ጃንዋሪ 1624 የተባለው ዛሬ 1625 የምንለው ነው። በሁለት ካላንደር ለሚኖር ሐበሻ ይሄ ቀላል ነው። ስሙም እንደዚያው ይቀያየራል፤ ጸሐፊው የሚጽፈው እንደሰማው ነው። እዚህ አሜሪካ ስማችን በየፎርሙ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ በሁሉም ዓይነት አጻጻፍ ፈለግኩት።

ጄምስታውን በ1607 ሲቆረቆር የሰፈሩት 104 ወንዶችና ልጆች ነበሩ። አን የመጣችው በዓመቱ፣ የወይዘሮ ፎረስት ገረድ ሆና ነው። ከሁለቱ በፊት በሰፋሪዎቹ መካከል ሴት አልነበረም። ወዲያው ሌይደንን አገባች፤ ከሰፋሪዎቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ጆን ስሚዝ በቨርጂኒያ የመጀመሪያው ጋብቻ ይለዋል።

ከዚያ የ1609 ክረምት መጣ። መሬታቸው የተወሰደባቸው የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ፖውሃታኖች፣ የሰፋሪዎቹን ምሽግ ከበቡት። ውስጥ ያሉት አይጥና የጫማ ቆዳ በሉ። የተረፉት 60 ያህል ናቸው። በ2012 በቁፋሮ የተገኘ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ራስ ቅል ላይ የቢላ ምልክት አለ፤ ሥጋዋ ተበልቷል። የአን እኩያ ማለት ነው። አን ተረፈች።

የገዥዎቹን ደብዳቤ ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ አባከንኩ። እነሱ ስለ ወርቅና ስለ ትንባሆ እንጂ ስለ ገረድ ምን ገዷቸው? ድሃ ሰው ስሙ የሚነሳው ሲቆጠር ወይም ሲገረፍ ነው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ዞርኩ።

እዚያ በ1625 አንዲት ሴት ስለ ገዥው ቶማስ ዴል ዘመን ትመሰክራለች። አንና ሌሎች ሴቶች ለቅኝ ግዛቱ ሠራተኞች ሸሚዝ እንዲሰፉ ታዘዙ። ለአንድ ሸሚዝ የሚሰጣቸው ስድስት መርፌ ሙሉ ክር ነው። ካልጨረሱ ምግብ የለም። ክሩ ደግሞ የማይረባ ነበር። የራሳቸው ክር ያላቸው በዚያ ጨረሱት። አንና ጄን ራይት የምትባል ሴት ግን ስለሌላቸው ከሸሚዙ ጫፍ ክር መዝዘው ሰፉበት። ሸሚዙ አጠረ። ለዚህ ተገረፉ። አን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በዚያው ሌሊት አስወረዳት።

ሠርጓን በሁለት መስመር አልፌው ሰፊውን ቦታ ለዚህ ሸሚዝ ሰጠሁት።