ከደም ናሙናው በፊት

የማጠናው የኦቲዝምንና የአእምሮ እድገት ውስንነትን ዘረመል ነው። ሥራዬ ግን የሚጀምረው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ከወላጆች ጋር ቁጭ ብለን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እንስላለን። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ማንም አይቀርም።

እናትየዋን «አባትዎ እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ? ከ40 ዓመቷ በፊት የወር አበባዋ የቆመ እህት አለችዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ግራ ይጋባሉ። የልጅ አፍ አለመፍታት ከአያት እጅ ጋር ምን አገናኘው?

አንድ ጂን ሊያገናኛቸው ይችላል። ኤፍኤምአር1 ይባላል፤ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እዚህ ጂን ላይ ሲጂጂ የተባሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ይደጋገማሉ። ድግግሞሹ ከ200 ሲያልፍ ጂኑ ይዘጋል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ሊያስከትል የሚችለው ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው ችግር ይህ ነው። ከ55 እስከ 200 ሲሆን ጂኑ አይዘጋም፤ ግን አያትየውን በስተርጅና ሊያንቀጠቅጥ፣ አክስትየዋን ያለ ጊዜዋ ሊያሳርጥ ይችላል። ድግግሞሹ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ደግሞ ሊረዝም ይችላል። የተለመደው የኤክሶም ምርመራ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠሩትን የጂን ክፍሎች የሚያነበው፣ ይህን ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ የራሱ ምርመራ አለው። ወረቀቱን ከማሽኑ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ከባዱ ውጤት መንገር ነው። የተገኘው የጂን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ፣ ልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው ስላቸው እናቶች እፎይ ይላሉ። ፍራጃይል ኤክስ ሲሆን ግን ጂኑ የመጣው ከእናት ነው። መደበቅ አይቻልም። ስለዚህ ታሪኩን ከላይ እጀምራለሁ፤ ከአያት ወደ እናት እንዴት እንደወረደ፣ ማንም መርጦ እንዳልሰጠ አስረዳለሁ። ቸኩዬ አልናገርም።

እናቶች ብዙ ተወቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኦቲዝም ፍቅር ከነፈገች እናት ይመጣል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎቹ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር ቢያንስ አንዱ ልጅ ኦቲዝም ያለበትን 21 የመንታ ጥንዶች አጠኑ። ጂናቸው አንድ ከሆነው 11 ተመሳሳይ መንታ ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ያለባቸው አልተገኙም። ትንሽ ጥናት ነው፤ ግን ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ዛሬም ያንን ወቀሳ ተሸክመው የሚመጡ እናቶች አሉ። ያናድደኛል።

ትርጉሙ ገና ያልታወቀ የጂን ለውጥ ሲገኝ «ምክንያቱ ይህ ነው» አልልም፤ ቤተሰቡ መልስ ቢጠማውም።

ሌላው የተማርኩት ስለ እናትየዋ እህት ነው። ምናልባት መውለድ እያሰበች ይሆናል፤ ጊዜ ሳያልፍባት ብታውቅ ይጠቅማታል። ያለማወቅ መብትም አላት። ስለዚህ ማን ማወቅ እንደሚፈልግ ደም ከመቀዳቱ በፊት እጠይቃለሁ። ውጤቱ ከወጣ በኋላ «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል።