የጌም ሪፖርቴ ፕሮጀክተር ላይ የወጣ ዕለት

የምሠራው አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ ዕቅድና ሪፖርት ክፍል ነው። ሥራዬ ሌሎች የለፉበትን በፐርሰንት መናገር ነው። እስካሁን ከ96 ከመቶ በታች የሆነ አፈጻጸም ጽፌ አላውቅም። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ታኅሣሥ 2017 ላይ የግማሽ ዓመቱን ረቂቅ ሪፖርት ላቀርብ ተሰብስበናል። የቢሮው ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልግባባ አለ። ሰው ሲሰለች የራሴን አወጣሁና ገመዱን ሰካሁ። ግድግዳው ላይ ቦግ ያለው ግን ሪፖርቱ አልነበረም።

ጌም ለማይጫወት ሰው ላስረዳ። ስቲም የሚባል የኮምፒውተር ጌም መሸጫ አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዲሴምበሩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ዓመቱን ጠቅልሎ ያሳየዋል። ስንት ጌም እንደነካህ፣ የትኛው ላይ እንደቆየህ፣ በየትኛው ወር እንደበረታህ፣ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። የ2024ቱ ማጠቃለያ እንደሚለው መካከለኛው ተጠቃሚ ዓመቱን ሙሉ የነካው 4 ጌም ብቻ ነው። እኔ ከዚያ ብዙ እበልጣለሁ። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ይህንኑ ስጎረጉር ቆይቼ ላፕቶፑን እንዲሁ ከድኜው ነበር የመጣሁት። ስከፍተው ካቆምኩበት ቀጠለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሳቋ አመለጣት። «አንተ! በዚህ ዕድሜህ ጌም ትጫወታለህ እንዴ?»

በዚህ ዕድሜዬ ማለት በሠላሳዎቹ አጋማሽ። ቅዳሜን ሙሉ ድራፍት ቤት የሚውል ሰው ይህን አይጠየቅም። በሳምንት አራት ጨዋታ ዲኤስቲቪ ላይ የሚያይም አይጠየቅም። ጌም ስትል ግን ወዲያው ልጅ ትሆናለህ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ልዘጋው እጄን ስሰድ አለቃችን «ቆይ» አሉኝ። ሰውየው ግራፍ ነፍሳቸው ነው። መነጽራቸውን አደረጉ።

«በወር የተከፈለ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጁን ላይ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወረደው?»

«በጀት መዝጊያ ነበር።»

«ጁላይና ኦገስትስ?»

«ክረምት ነው፣ ዝናቡ ማታ መች ያስወጣል።»

«ኤፕሪል?»

ኤፕሪል ላይ ዝም አልኩ። «የግል ጉዳይ ነበር» አልኳቸው ቆይቼ። አልገፉበትም። «በል ሪፖርትህን ክፈት። እሱም እንዲህ በወር የተከፈለ ነው መቼም?» አሉኝ። አልነበረም። የእኛ ሪፖርት ስድስቱን ወር አንድ ላይ ጨፍልቆ 96 ከመቶ ይላል።

ኤፕሪል ታናሽ ወንድሜ ወደ ካናዳ የሄደበት ወር ነው። ፋሲካን እንኳ አብረን አላሳለፍነውም። ቤት የተከራየነው ለሁለት ነበር። ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ይልብኝና ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ራቴንም እዚያው እበላለሁ። አንዱን ጌም ገና ሳልጀምረው ወደ ሌላው እዘላለሁ። ምን እንደተጫወትኩ ብትጠይቁኝ አንዱንም አልነግራችሁም።

የጁላይና የኦገስቱ ቁመት ከኤፕሪሉ አይተናነስም። ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ያኔ ወንድሜ ላፕቶፕ ገዝቷል። እዚህ እሁድ ጠዋት፣ እዚያ ቅዳሜ ማታ ሲሆን ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን፣ አንድ አገር ይዘህ የምትመራበትን ጌም እንከፍታለን። ተኩስ ያለበት ጌም በእኛ ኔትወርክ ከካናዳ ጋር አይታሰብም፤ ማን እንደገደለህ ሳታውቅ ትሞታለህ። ይኼኛው ግን ተራ በተራ ስለሆነ ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍም ችግር የለውም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያን በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት አስገብተውበታል። ምኒልክን ማን ይያዝ በሚለው ገና ሳንጀምር እንጨቃጨቃለን።

ዋናው ወሬ የሚወራው መሐል ላይ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የእማዬ ደም ግፊት፣ የፈረቃ ሥራው፣ ብርዱ። ስልክ ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ አታስብ» ብሎ የሚዘጋው ልጅ፣ ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ የሆዱን ያወራኛል። ለግራፉ ግን ሰዓት ያው ሰዓት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እንቁጣጣሽ ላይ የጻፍኩትን የግል ዕቅድ አወጣሁት። መንጃ ፈቃድ፣ ስፖርት፣ ማስተርስ፣ ጌም መቀነስ። ከአምናው የሚለየው በዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው። «ጌም መቀነስ» የሚለውን ሰረዝኩት። የእሁዱን ምን ብዬ ልቀንሰው? በምትኩ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ብቻዬን አልከፍትም ብዬ ጻፍኩ። መንጃ ፈቃዱ ለምን እንደሚከሽፍ ደግሞ ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በየዓመቱ «በጀት ዓመቱ ሳያልቅ» እያልኩ ወደ ሰኔ እገፋዋለሁ። ሰኔ ላይ ለጌም እንኳ ጊዜ ያጣሁ ሰው ለመኪና ትምህርት ከየት አመጣለሁ? ጥር ላይ ተመዘገብኩ። ማስተርሱን ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር እሱን የምትፈልገው እማዬ ናት። ስፖርቱ ያው እንደተለመደው ነው።

ቢሮም ነገሩ በሳቅ ብቻ አልቀረም። አለቃችን በሳምንቱ «እንደ ልጁ ጌም አድርጋችሁ አምጡልኝ» ብለው ሪፖርቱን በወር በወር አስከፈሉን። 96 ከመቶው ሲበተን ሁለት ባዶ ወሮችና አንድ ጥድፊያ የበዛበት ወር ወጣው። የሒሳብ ክፍል ትርፍ ሰዓት በሙሉ የተቆለለው በዚያች በአንዷ ወር ላይ ነው። አብዛኛውን የሠራችው ያቺ የሳቀችብኝ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ይዛ አለቃችን ቢሮ ገባች። ከወር በኋላ አንድ ረዳት ተመደበላት። አሁን ጠዋት ስንገናኝ «ምኒልክ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች።

የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና አለፍኩ። የተግባሩ ቀጠሮ ለመቼ የወጣልኝ ይመስላችኋል? ለሰኔ 27። ፈቃድ ልጠይቅ ስገባ አለቃችን ግድግዳቸው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብለው አዩት።

«በጀት መዝጊያ ሳምንት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጠዋት ከሆነ ሂድ። ከሰዓት ግን እዚህ ነህ፤ ብታልፍም ብትወድቅም።»