ኮረሪማ በመጠኑ፦ የጅማ ጉዞ ማስታወሻ

በጥቅምት ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከቅያሪ ልብስ ሌላ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ገጾቹ በቅቤና በበርበሬ የወየቡ አንድ የአማርኛ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ፣ መዳፍ የምታክል የግራም ሚዛን፣ እንዲሁም ከሰፈሬ ሱቅ የገዛሁት የተፈጨ ኮረሪማ። ጅማ ተወልዶ ያደገው ጓደኛዬ ሚዛኗን ሲያይ «እናቴ ፊት እንዳታወጣት» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን ጉዞውን ያሰብኩት በዋናነት ለመመዘን ስለሆነ ምክሩን አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ ማብሰል ከምወደው ባላነሰ ስለ ምግብ አሠራር የተጻፈ ማንበብ እወዳለሁ፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጭራሽ የማልሠራውን ምግብ አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የቆዩት የአማርኛ መጻሕፍት ፎቶግራፍ የላቸውም፣ ወረቀታቸውም ሸካራ ነው፤ ይሁንና የጻፏቸው ሰዎች ምድጃ ዳር የቆሙ ስለመሆናቸው አልጠራጠርም። ባለ አንጸባራቂ ወረቀቶቹ አዳዲስ መጻሕፍት ደግሞ ለዓይን ያምራሉ እንጂ ወጡ ድስቱ ሥር ሲይዝ ምን እንደሚደረግ አይነግሩም። ከሁለቱም ጋር ለዓመታት የተጣላሁት ግን በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ሽንኩርቱ በኪሎ፣ በርበሬው በቡና ስኒ፣ ቅቤው በጭልፋ ተለክቶ ይመጣና ኮረሪማ ላይ ሲደርስ ጸሐፊው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ «ኮረሪማ በመጠኑ» ይላል። ፍሬው ከነቅርፊቱ ነው ወይስ ተፈልፍሎ? ከሽንኩርቱ ጋር ይገባል ወይስ ወጡ ሊወጣ ሲል? ለውጭ አገር አንባቢ የሚጻፉት ይብስባቸዋል፤ ኮረሪማ ካላገኛችሁ ሄል ጨምሩ ይላሉ። ሁለቱም የዝንጅብል ዘመዶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሄል የገባበት ዶሮ ወጥ የልደት ኬክ ይሸታል። ይህን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ እንግዶቼ በይሉኝታ በልተውልኛል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታንና ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ ረዳቱ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት ሰጠን፤ እኔም ሌላው ተሳፋሪ ሻይና ዳቦ ሲያዝ ክትፎ አዘዝኩ። ክትፎ የምወደው ጥሬውን ነው፤ ለብ ለብ ያለው ከሥጋም ከጥብስም ያልሆነ ነገር ይመስለኛል፣ በዚህም ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። የወልቂጤው ክትፎ በቆጮና በአይብ ቀረበልኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ሳስጠጋ ከሚጥሚጣው በፊት ኮረሪማው አፍንጫዬ ደረሰ፤ እሳት የነካው አይመስልም ነበር። አስተናጋጇን ቅቤው ውስጥ መቼ እንደሚጨመር ብጠይቃት «እኔ ማቅረብ ነው ሥራዬ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ እንደገና ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴውም እየበረታ ይሄዳል። ሰኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ አለፍኳቸው።

ጅማ የደረስኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይህም ታስቦበት ነው፤ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ይውላል። የሐሙሱ ገበያ ከከተማዋ ይልቅ እድሜ አለው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙበት ዘመን ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ሳለ፣ ከታች ሂርማታ የሚውለው ገበያ የሩቅ አገር ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር፤ ቡናው፣ ዝባዱና ኮረሪማው ከዚህ አካባቢ ተጭኖ በሲራራ ነጋዴ ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። እኔ አሁን መጽሐፍ ይዤ የምፈልገው ቅመም ያኔ በበቅሎ ጀርባ አገር ያቋርጥ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ከጓደኛዬ ጋር ቅመም ተራ ገባን። ኮረሪማው በሁለት መልክ ይሸጣል፤ አንዱ በማዳበሪያ ከረጢት የተከመረ፣ ሌላው እንደ መቁጠሪያ በገመድ ተሰክቶ የተንጠለጠለ። በገመድ የተሰካውን የሚሸጡት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ በአፋን ኦሮሞ ስሙ ኦጊዮ መሆኑን የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። ፌስታሌን ከፍቼ የአዲስ አበባውን ዱቄት አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አሸተቱት፣ ጥቂት ዝም አሉ፣ ከዚያም የፌስታሉን አፍ በጥንቃቄ ቋጥረው መለሱልኝ። አስተያየታቸው ይኸው ነበር። ቀጥለው ከገመዱ ላይ አንድ ፍሬ ነቅለው ጆሮዬ አጠገብ አንኮሻኮሹት፤ ሲንኮሻኮሽ በደንብ ደርቋል፣ ሲመዝኑት የሚቀል ከሆነ ደግሞ ሳይበስል የተለቀመ ነው አሉኝ። ፍሬው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ስለሚደርቅ ነው። ይህን የጭስ ሽታ አንዳንድ ነጋዴ እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ለቀይ ወጥ ከዚህ የሚሻል አላውቅም፣ በፀሐይ የደረቀውን ለሻይና ለዳቦ አስቀምጠዋለሁ። እዚያው ቆሜ ሁለት ፍሬ ፈልፍዬ ዘራቸውን ቆጠርኩ፤ አንዱ 52፣ ሌላው 61 ነበረው። መጽሐፌ በአንድ ቦታ ብቻ «5 ፍሬ ኮረሪማ» ስለሚል ጸሐፊው ፍሬውን ይሁን ዘሩን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን ግልጽ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ወጥ ያበላሻል።

ዓርብ ጠዋት ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ በጓደኛዬ ዘመድ የቡና ማሳ ውስጥ ተክሉን በዓይኔ አየሁት። ከዚያ በፊት ኮረሪማ እንደ በርበሬ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ይመስለኝ ነበር። ከቡናው ሥር፣ በጥላ ዛፎቹ እርጥበት ውስጥ፣ የዝንጅብል ቅጠል የመሰለ ረጃጅም ቅጠል ያለው ተክል ቆሟል፤ ቅጠሉን ብትገልጡት ግን ምንም ፍሬ አይታይም። ዘመድየው ጎንበስ ብሎ የረገፈውን ቅጠል በእጁ ጠረገና ከሥሩ፣ አፈሩን ታክኮ የወጣ፣ ትንሽ ጠርሙስ የሚመስል ቀይ ፍሬ አሳየኝ። ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ለስላሳ ሥጋ አለው፣ ጣፋጭና ጎምዛዛ፤ ልጆች ይመጥጡታል። ትኩሱን ዘር ስነክሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ ኃይለኛ ሽታ አፌን ሞላው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ጠፋ። በኋላ ወጥ ቤት ያየሁት ሁሉ እዚህ ጫካ ውስጥ ተነግሮኝ ነበር፤ የኮረሪማ መዓዛ የሚተን ነገር ነው፣ ተፈልፍሎ ሲፈጭና ሲሞቅ ጥሎ ይሄዳል።

የጓደኛዬ እናት፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤታቸውን ፈቀዱልኝ። ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ወንድ ልጅ ቅቤ ሲያነጥር ልይ» ብለው ሳቁ፤ ሚዛኗን ሳወጣ ደግሞ የባሰ ሳቁ። ከገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የመጣውን ቅቤ ሦስት ትንንሽ ድስት ላይ እኩል አካፈልኩት። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ቀይ ሽንኩርቱና እርዱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ኮረሪማው ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ድስት የአዲስ አበባውን ዱቄት፣ በሁለተኛው ወዲያው የተፈለፈለና በሙቀጫ የተሸከሸከ ዘር ከመጀመሪያው ከሌላው ቅመም ጋር፣ በሦስተኛው ተመሳሳዩን ዘር ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። መጨረሻው መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ድስቱን አዳምጥ» አሉኝ። «ውኃ እስካለው ድረስ ያወራል፤ ዝም ሲል አውርደው።» እውነትም አረፋው እየሳሳ፣ ፍጭርጭርታው እየራቀ ሄደና ድንገት ጸጥ አለ፤ ከሥር የዘቀጠው ዝቃጭ ወርቃማ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን የሚያህል ግልጽ ምልክት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። መጻሕፍቱ «ቅቤው እስኪበስል» ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ድስት እሳት ላይ ሳለ ቤቱ በሙሉ በኮረሪማ ታወደ፤ ጎረቤት ሳይቀር መጥታ ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠየቀች፣ እኔም ያ ድስት እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። እማማ ግን ቅቤ የሚታወቀው በገንፎ ነው ብለው የገብስ ገንፎ አገነፉ፣ መሐሉን በማንኪያ ጎድጉደው በሦስት ሳህን አቀረቡት። የመጀመሪያው ቅቤ ትቢያ ትቢያ አለ። ሁለተኛው ላይ ኮሰረቱ ብቻ ጎልቶ ኮረሪማው እንደ ሩቅ ወሬ ሆነ፤ ቤቱን ያወደው መዓዛ ለካ ከድስቱ የወጣ ነው፣ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ሦስተኛው ገና ምላስ ላይ ሲያርፍ ዝም አለና ከተዋጠ በኋላ ከጉሮሮ ተመልሶ መጣ። እማማ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም «ኛዱ፣ ብላ እንጂ» ይሉኛል፣ እኔ ማስታወሻ እጽፋለሁ።

«መከለሻ» የሚለው ቃል ያኔ ነው በትክክል የገባኝ። ወጡ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰውን ቅመም አማርኛው ራሱ መከለሻ ብሎ ሰዓቱን ነግሮናል፤ የመጽሐፌ ደራሲ ግን ከሽንኩርትና ከጨው ጋር ዝርዝሩ አናት ላይ ደርድሮት፣ ድስቱ ጋ ሲደርስ «ቅመማ ቅመሙን ጨምሮ ማማሰል» ብሎ ያልፋል። ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ከሰዓት በኋላ እማማ የራሳቸውን አንድ ኪሎ ቅቤ ሲያነጥሩ ያፈሱትን የኮረሪማ ዘር ከሙቀጫው በፊት ለመንኳቸውና መዘንኩት፤ 11 ግራም ሆነ። እሑድ ለእህታቸው ሌላ ኪሎ ሲያነጥሩ 16 ግራም ሆነ። እጃቸው ስቷል ብዬ በልቤ ደስ እያለኝ ልዩነቱን ነገርኳቸው። «የትናንቱ የዘንድሮ ነው፣ የዛሬው የዓምና» አሉኝ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ከመፈልፈላቸው በፊት እያንዳንዷን ፍሬ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ እንደነበር አይቻለሁ፤ እንዲሁ የልማድ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቡና ላይ ግን አልተስማማንም። ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ በመጀመሪያው ስኒ ውስጥ ከቡና ሌላ ነገር መሽተት የለበትም የሚል እምነት አለኝ፤ እማማ ደግሞ ሁለት የኮረሪማ ዘር ጀበናው ውስጥ ጣል አደረጉ። አቦሉን በግዴታ ጠጣሁ፣ ቶናው ላይ ተለማመድኩት፤ በረካው ላይ፣ ቡናው ከሳሳ በኋላ፣ ኮረሪማው ቦታውን አገኘ። ስለዚህ ሐሳቤን የቀየርኩት በሲሶ ነው። ጓደኛዬ ከተማ ውስጥ የጋበዘኝ የአቮካዶ ጭማቂ ላይ የፈሰሰውን ቀይ ሽሮፕ በተመለከተ ግን ምንም አልቀየርኩም፤ እንዲያ ያለ አቮካዶ በሚበቅልበት አገር ስኳር መጨመር ምን ይሉታል? በማግስቱ አንዱን ገምጬ በጨው፣ በሎሚና ኮረሪማ በበዛበት ሚጥሚጣ በላሁት፤ ከዚህ ጉዞ ሙከራዎቼ ሁሉ ሳይበላሽ በአንድ ጊዜ የተሳካው እሱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራዬ ድፎ ዳቦ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሦስት ፍሬ ከነቅርፊቱ ፈጨሁ፤ ዳቦው ሲቆረስ መዓዛው መልካም ነበር፣ የቅርፊቱ ስንጥር ግን ጥርስ ውስጥ እየገባ ሁላችንም ስቴኪኒ ፈለግን። ከእማማ ያመጣሁት ባለ ገመዱ ኮረሪማ አሁን ምድጃዬ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መጽሐፉ ውስጥ «በመጠኑ» ከሚለው ቃል ጎን በእርሳስ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ለ1 ኪሎ ቅቤ፣ የዘንድሮ ከሆነ 11 ግራም ዘር፣ የዓምና ከሆነ 16፤ ግማሹ ከኮሰረት ጋር፣ ግማሹ ድስቱ ዝም ሲል።»

ባለፈው እሑድ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ለእማማ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ደህና፤ ገንፎ አገንፍተህ ቀመስከው?» አሉኝ። አልቀመስኩትም ነበር።