መሀል ላይ ያለው ዜሮ

ማክሰኞ ማታ፣ ሽምብጥ

ማውንት (ዲስክን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ትእዛዝ) ሲከሽፍ የሚያወጣውን መልእክት ሊኑክስ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ተሳስቶ ይሆናል፣ ወይ አማራጩ፣ ወይ ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ መግለጫ ያለበት ብሎክ)፣ ወይ ሌላ ነገር። ይህን ሁሉ ግምት የሚደረድረው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሰጠው መልስ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው፤ ነጋቲቭ 22። «የሰጠኸኝ ነገር ትክክል አይደለም» ማለት ነው። ምኑ ትክክል እንዳልሆነ፣ ማንስ እንዳለው አይነግርም።

ጎረቤቴ የባሕር ዳር ፖሊ ተማሪ ነው፤ ለመማሪያው ትንሽ ፋይል ሲስተም እየጻፈ ነው። ዛሬ ላፕቶፑን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ በድሮው ዲስክ ይሠራ ነበር፤ ወደ አዲሱ ስገለብጠው እምቢ አለኝ» አለ። የከርነሉ መልእክቶች በሚታዩበት ዲሜሴጅ ላይ አንድም መስመር የለም። ኮዱን ከላይ ጀምሮ ሊያነብ ሲል አስቆምኩት። ከርነል ውስጥ 22ን የሚመልሰው ቦታ ስፍር ቁጥር የለውም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ቆሞ ዓባይን የሚያይ ሰው ውሃው ከግልገል ዓባይ ይሁን ከጉማራ፣ ከርብ ይሁን ከመገጭ አይለይም።

ከርነሉ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳየውን ኤፍትሬስን ከፈትን። ከከርነል 6.5 (እ.ኤ.አ. 2023) ወዲህ የፈንክሽን ግራፉ እያንዳንዱ ፈንክሽን ሲዘጋ ምን እንደመለሰ፣ አማራጩ ሲበራለት፣ አጠገቡ ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ግን አነባበብ ይፈልጋል። ምንም የማይመልስ ፈንክሽን አጠገብም ቁጥር ይታያል፤ ሬጂስተሩ (የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ የተረፈ ነውና ይታለፋል። ኮምፓይለሩ በሌላው ውስጥ ያቀለጠው ፈንክሽን ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ነጋቲቭ 22ን ከውጭ ወደ ውስጥ እየተከተልን ስንወርድ የልጁ ፈንክሽን ላይ ደረስን። ሱፐርብሎኩን የሚሞላው ነው። ከሥሩ የጠራው ግን ዜሮ መልሷል። ልጁ «እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ኮድ ነው» አለ፤ በከርነል ዜሮ ማለት ተሳካ ማለት ነው ብሎ ነው የተማረው። አንድ ደረጃ ጨምረን ስንወርድ እዚያው ነጋቲቭ 22 እንደገና ብቅ አለ።

ይህን የመለሰው የብሎክ መጠን የሚያስተካክለው ፈንክሽን ነው፤ እምቢ ያለበትም ምክንያት ግልጽ ነበር። ልጁ ወደ ዲስኩ የገለበጠው የፋይል ሲስተም ምስል የተዘጋጀው በ1024 ባይት ብሎክ ነው፤ የአዲሱ ዲስክ ሎጂካል ሴክተር (ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ትንሹ መጠን) 4096 ነው። ከዚያ ያነሰ ብሎክ አይቀበልም። ከእሱ በላይ ያለው ፈንክሽን ሲሳካለት የሚመልሰው የብሎኩን መጠን ነው፤ መጠን ደግሞ ዜሮ ሊሆን ስለማይችል ለእሱ ዜሮ ማለት መክሸፍ ነው። የልጁ ኮድ ዜሮውን በትክክል አይቶ የራሱን ነጋቲቭ 22 መልሷል። ቁጥሩ ያው ይመስላል እንጂ ሌላ ሰው የተናገረው ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ በጣም ያሳስበኛል። ከታች የመጣ የስህተት ቁጥር እንዳለ ወደ ላይ ቢያልፍ እመርጣለሁ። ማለፍ ካልቻለ፣ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ዲሜሴጅ ላይ መልእክት የሚጽፍ አንድ የፕሪንትኬ መስመር የግድ ነው፤ የተጠየቀው መጠን ስንት፣ ዲስኩ የሚቀበለው ስንት። ልጁ መስመሩን ራሱ ጻፈ፣ ምስሉን በ4096 አዘጋጀው፣ ማውንቱም ሠራ። ሊሄድ ሲል «ዜሮ ሲመልሱ ከሽፈዋል የሚባሉት ሌሎቹ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። ነገ ማታ ሱፐርብሎክ የሚነኩትን አንድ በአንድ ልናያቸው ተቀጣጥረናል።